የበዓል ረፋድ የጁስ ኮክቴል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በበዓል ቀን ከቁርስ ዘግየት፣ ከምሳ ቀደም ብሎ እንግዳ መጥራት ደስ ይላል። ለዚያ ሰዓት ደግሞ አዲስ የተጨመቀ ጁስ ያለበት ኮክቴል የሚያህል መጠጥ አላውቅም። አሠራሩ ቀላል ነው። ግን ከሰው ሰው እየተላለፉ ጣዕሙን የሚያበላሹ ሐሳቦች አሉ። ብዙዎቹን እኔም ለዓመታት አምኜባቸው ነበር።

“ሻምፓኙ ውድ ካልሆነ አይጥምም”

ሚሞዛ የሚባለውን እንውሰድ። በተለመደው አሠራር 75 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂና 75 ሚሊ ሊትር አረፋማ ወይን ነው። ግማሹ ብርቱካን በሆነ መጠጥ ውስጥ የውድ ሻምፓኝ ስስ መዓዛ ይዋጣል። መካከለኛ ዋጋ ያለው ፕሮሴኮ፣ ማለትም የጣሊያን አረፋማ ወይን፣ ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ “ብሩት” የሚለውን ፈልጉ፤ በሊትር ከ12 ግራም ያልበለጠ ስኳር አለው ማለት ነው። ጣፋጩን ከፍሬው እናገኘዋለን። የተረፈውን ገንዘብ በደንብ የበሰለ ብርቱካን ግዙበት።

“ጁሱን ማታ ጨምቆ ማሳደር ሥራ ያቀላል”

ብዙ ጊዜ ጣዕሙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ላይ እምብርት የመሰለ ነገር ያለው፣ ናቭል የሚባለው ብርቱካን ሲላጥ ማር ነው። ተጨምቆ ሲያድር ግን ይመራል። ፍሬው ውስጥ ጣዕም የሌለው አንድ ንጥረ ነገር አለ። ፍሬው ሲጨመቅ ይህ ነገር ከጭማቂው አሲድ ጋር ይገናኝና ቀስ በቀስ ሊሞኒን ወደሚባል መራራ ነገር ይለወጣል። ስኳር መጨመር አይፈታውም። ቫሌንሺያ የሚባለው ዝርያ ይህ ችግር በጣም ያንስበታል፤ የግድ ማሳደር ካለባችሁ እሱን ምረጡ።

ማታ የሚሠራ ሌላ ብዙ ሥራ አለ። ፍሬውን ማጠብ፣ ብርጭቆዎቹንና ወይኑን ፍሪጅ ማስገባት፣ እኩል ስኳርና ውሃ አፍልቶ ሽሮፕ ማቀዝቀዝ። ብርቱካኑን ግን ጠዋት ጭመቁ።

“ፍሬው ከፍሪጅ እንደወጣ ይጨመቅ”

ቀዝቃዛ ፍሬ ጭማቂውን በቀላሉ አይሰጥም። ከፍሪጅ ውጪ አሳድሩት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ጫን እያላችሁ አንከባሉትና ጭመቁ። አሁን ጭማቂውን ለአንድ ሰዓት ያህል አቀዝቅዙ። ይህችን ሰዓት አትዝለሏት። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፣ ከሞቀ ያመልጣል። ሞቅ ባለ ጁስ የተቀላቀለ ወይን እንግዳው እጅ ሳይደርስ አረፋው ያልቃል።

“ጁሱ ይቅደም፣ ከዚያ በማንኪያ ይማሰል”

ወይኑ ይቅደም። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ቅዱት፣ ጁሱን ቀስ ብላችሁ ከላይ ጨምሩ። ጁሱ ስኳር ስላለው ከበድ ይላል፤ ወደ ታች እየወረደ ራሱ ይቀላቀላል። ማንኪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጋዙን ማባረር ነው። ጁሱንም በወንፊት አጥልሉት። የፍሬው ቃጫ አረፋውን አስነስቶ ከብርጭቆው ያፈሰዋል።

“በረዶ ሲበዛ ይቀጥናል”

በረዶ የሚገባበት ኮክቴል ከሆነ ብርጭቆውን ሙሉት። ሁለት ፍሬ በረዶ ቶሎ ሟሙቶ ውሃ ያደርገዋል። የሞላ በረዶ መጠጡን ቶሎ አቀዝቅዞ ራሱም ይቆያል።

“አልኮል ከሌለው ኮክቴል አይባልም”

ለሚያሽከረክርና አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ተራ ለስላሳ ማቅረብ ያሳዝነኛል። ይህን ሞክሩ፦ 60 ሚሊ ሊትር የአናናስ ጭማቂ፣ 30 የብርቱካን፣ 15 የሎሚ፣ ትንሽ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ ቁንጥር ጨው። ከበረዶ ጋር ክዳን ባለው ማሰሮ በኃይል ነቅንቁትና አጥልላችሁ ቅዱ። ከላይ 90 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ። አናናስ ሲነቀነቅ ነጭ አረፋ ይሠራል፣ ጨው ደግሞ ምሬትን ይቀንሳል። ወተት ወይም ክሬም ግን አትጨምሩበት። ጥሬ አናናስ የወተትን ፕሮቲን ይሰባብርና መራራ ያደርገዋል።

“ጁስ ስላለበት አያሰክርም”

75 ሚሊ ሊትር 12 በመቶ ወይን 9 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለው፣ ጁስ ቢገባበትም ባይገባበትም። ጣፋጩ ስለሚሸፍነው ሰው ሳያውቀው አራተኛው ላይ ይደርሳል፤ ያኔ 300 ሚሊ ሊትር ወይን ጠጥቷል። ምግቡን ከመጠጡ አስቀድሙ።

“ፍሬሽ ጁስ ማንንም አይጎዳም”

ግሬፕፍሩት ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ስለዚህ ለእንግዶች ሳትናገሩ አትቀላቅሉት። ልጣጩን ብትጥሉትም ፍሬውን ሳታጥቡ አትቁረጡ፤ ቢላዋው የውጪውን ጀርም ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። ያልተፈላ ጁስ ነፍሰ ጡርን፣ አረጋውያንንና ትንንሽ ልጆችን ሊያሳምም ስለሚችል፣ ለእነሱ ፓስቸራይዝድ የሆነውን፣ ማለትም ጀርሙ በሙቀት የተገደለውን፣ ለብቻ አዘጋጁ። ጆጉም ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። በረዶ የተሞላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙት፣ ግማሹ ሲጠጣ ሁለተኛውን ከፍሪጅ አውጡ።