የዮጋ ፍልስፍና በዕለት ተዕለት ኑሮ፦ ለጎንደር አንባቢ የቀረበ ዳሰሳ

ዮጋ በጥንታዊቷ ሕንድ የተወጠነ፣ ልቡናን የመግራትና ጠባይን የማረም ትምህርት ነው። ቃሉ በሳንስክሪት «መጥመድ» ከሚል ሥር የወጣ ስለሆነ፣ የደንቢያ ገበሬ በሬዎቹን በቀንበር ሲጠምድ ያየ ሰው ትርጉሙን ለመረዳት አይቸገርም። በጎንደር ስለ ዮጋ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሰውነትን የማፍታታት ስፖርት ብቻ ነው፤ ለዕለት ኑሮ የሚጠቅመው የሥነ ምግባር ክፍል በአማርኛ እምብዛም ስላልተጻፈለት ይህ ዳሰሳ በእርሱ ላይ ያተኩራል።

የትምህርቱ ዋና መጽሐፍ በፓታንጃሊ ስም የሚጠራው ዮጋ ሱትራ ሲሆን፣ በ4 ምዕራፎች የተከፈሉ 195፣ በሌላ ቅጂ 196፣ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ዘመኑ ያከራክራል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2ኛው መቶ ዓመት የሚያወጡት እንዳሉ ሁሉ ከልደት በኋላ ወደ 4ኛው ወይም 5ኛው መቶ ዓመት የሚያወርዱትም አሉ። «ሱትራ» ማለት ክር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ እጅግ ከማጠሩ የተነሣ በቪያሳ ስም ከሚታወቀው ጥንታዊ ሐተታ ጋር ካልተነበበ አይፈታም። በዚህ ረገድ ጎንደር የታደለች ናት፤ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ የሚያመሰጥሩ የትርጓሜ መምህራን የኖሩባት ከተማ፣ ንባብን ያለ ትርጓሜ መያዝ ምን ያህል እንደሚያሳስት ጠንቅቃ ታውቃለች።

መጽሐፉ መንገዱን በ8 አካላት ይከፍላል። የመጀመሪያው ያማ ሲሆን አለመጉዳትን፣ እውነትን፣ አለመስረቅን፣ ከፍትወት መታቀብንና ስግብግብነትን መተውን ያዝዛል። ሁለተኛው ኒያማ ንጽሕናን፣ ባለው መርካትን፣ ተጋድሎን፣ ራስን በንባብ መመርመርንና ለኢሽቫራ፣ ማለትም መጽሐፉ «ጌታ» ብሎ ለሚጠራው፣ መገዛትን ይዟል። በሐተታው መሠረት አለመስረቅ እጅን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን የሌላውን አለመመኘትም ነው። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የምትሸጥ እናት ቁናውን ሞልታ ከሰፈረች በኋላ በእፍኟ ምራቂ ስትጨምር፣ አለመስረቅን አልፋ ስግብግብነትን ወደ መተው ደርሳለች። እውነትም ቢሆን የሚነገረው ሰውን ለመጥቀም እንጂ ለመጉዳት እንዳልሆነ ሐተታው ያክላል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ በምታፈራው በዚህች ከተማ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ለአስታማሚ ከባድ ወሬ የሚነግረው ሳይዋሽ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል።

ከሁሉ ይልቅ ለጉርብትና የሚሆነው በመጀመሪያው ምዕራፍ 33ኛው ሱትራ ነው፦ ደስ ላለው ወዳጅነት፣ ለተቸገረው ርኅራኄ፣ ለደጉ ደስታ፣ ለክፉው ደግሞ ልብን አለማወክ። ለቅሶ መድረስ እኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ተመርቆ ሲመጣና የራስ ልጅ ገና ሥራ ፈላጊ ሲሆን ከልብ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ማለት ግን የበለጠ ይከብዳል። ክፉ አሳብ ሲመጣ ተቃራኒውን ማሰብ እንደሚገባም በሁለተኛው ምዕራፍ 33ኛው ሱትራ ተጽፏል።

ዛሬ ዮጋ የሚባለው የሰውነት አቀማመጥ ከ8ቱ ሦስተኛው ሲሆን ስሙ አሳና ነው፤ በመጽሐፉ የተሰጡት 3 ሱትራዎች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚለውም የጸናና የተመቸ ይሁን ነው። በዓታ ለማርያም የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን ተደግፎ ሌሊቱን ሲቆም፣ ጽናቱ ከምቾት ጋር የሚታረቀው ከብዙ ልምምድ በኋላ መሆኑን ያየ ሰው ነገሩን በቅርብ ይረዳዋል፤ ሁለቱ ሥርዐቶች ግን በምንጭም በዓላማም የተለያዩ ናቸው።

በ11ኛው መቶ ዓመት የእስልምናው ዓለም ሊቅ አል ቢሩኒ ትምህርቱን ወደ ዐረብኛ መልሶታል። ለምዕራቡ ዓለም በሰፊው የተዋወቀው ሕንዳዊው መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ ከተናገሩ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን የዮጋ ቀን አድርጎ ሰይሟል፤ ዩኔስኮም ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 በገዛ መዲናችን በአዲስ አበባ በተደረገ ጉባኤ መሆኑ ለእኛ ተጨማሪ ክብር ነው።

ትምህርቱ ከሃይማኖት ጋር ያለው ግንኙነት አከራካሪ ነው። ኢሽቫራ የተባለውን ከእግዚአብሔር ጋር ማመሳሰል አይገባም የሚሉ አማኞች አሉ፣ ስጋታቸውም መሠረት አለው፤ ሱትራው ለኢሽቫራ «ኦም» የሚለውን ድምፅ መደጋገምን ያዝዛልና። ይሁን እንጂ ያው ምዕራፍ በ39ኛው ሱትራ ላይ ልቡናን ለማጽናት ሰው በወደደው ነገር ላይ ማሰላሰል እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ጎንደሬው ጠዋት ዳዊቱን እየደገመ አሳቡን ቢሰበስብ፣ መጽሐፉ ራሱ አይከለክለውም።