ካርቶኑ ደርሷል፣ ዕቃው ግን የለም፦ በኦንላይን የምንሸጥ ሰዎች ስለ ኢንሹራንስ ክሌም የተሳሳትናቸው ነገሮችና እውነታው

አሜሪካ ተቀምጠን በኢቤይ፣ በኤትሲ ወይም በቴሌግራም የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጀበናና ስኒ የምንሸጥ ሰዎች በርክተናል። ጥቅሉ እንዳለ ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ አብዛኞቻችን እናውቃለን። ግራ የሚያጋባው ሌላው ነው። ካርቶኑ በሰላም ደንበኛው ደጃፍ ይደርሳል፣ ሲከፈት ግን ከውስጡ የሆነ ነገር ጎድሏል። እኔ በዚህ ነገር ገንዘብ አጥቻለሁ። ያጣሁትም መብት ስላልነበረኝ ሳይሆን ከሰው የሰማሁትን ይዤ ስለሄድኩ ነው። ከታች ያሉት ስለ ክሌም፣ ማለትም ለጠፋ ወይም ለጎደለ ዕቃ ስለሚቀርብ የካሳ ጥያቄ፣ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው። ደንቦቹን ስጠቅስ፣ ሌላ ስም ካልጠራሁ በቀር፣ የማወራው ስለ አሜሪካ ፖስታ ቤት (ዩኤስፒኤስ) የአገር ውስጥ መላኪያ ነው።

«ትራኪንጉ ‹ደርሷል› ካለ ክሌም የሚባል ነገር የለም»

አለ። የጠፋ ጥቅል ሌላ ነው፣ ይዘቱ የጎደለ ጥቅል ሌላ። ፎርሙ ላይም ምርጫቸው ለየብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅሉ ራሱ ሲጠፋ በአብዛኛው ከተላከ 15 ቀን እስኪሞላ መጠበቅ ስላለበት፣ ይዘት ሲጎድልም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይዘት ከጎደለ መጠበቅ የለም፣ በዚያው ቀን ማስገባት ይቻላል። የመጨረሻው ቀን ለሁለቱም 60ኛው ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ካርቶኑ ከተከፈተበት ሳይሆን እናንተ ከላካችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ለፋሲካ ብሎ ቀድሞ ገዝቶ፣ ካርቶኑን ሳይከፍት አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ደንበኛ አለ። እንዲህ ላለው ሰው «እንደደረሰህ ክፈተው» የሚል አጭር መልእክት መላክ ልመዱ።

«ፎቶ ካለ ካርቶኑ ምን ያደርጋል»

ይህንን በራሴ አየሁት። ዳላስ ለምትኖር ደንበኛዬ ለልጅ ክርስትና ሦስት ቀሚስ ላክሁላት፤ አንዱ የእናት፣ ሁለቱ የልጆች። ያጓጓዘውን ድርጅት ስም አልጠራም፣ በማንኛቸውም ሊደርስ ይችላል። ማታ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ የትልቋ ልጄ ቀሚስ የለም» አለች፣ ሳግ ይዟታል። ፎቶ ላኪልኝ አልኳት፣ ላከችልኝ። ካርቶኑ በጎኑ በኩል በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ላዩ ላይ ቡናማ ቴፕ ተለጥፎበታል። እኔ ቤት ደግሞ ቡናማ ቴፕ ኖሮ አያውቅም፣ የማሽገው ውስጡ በሚያሳየው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ብዬ ክሌሙን አስገባሁና ተኛሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካርቶኑ ለምርመራ ይቅረብ የሚል መልስ መጣ። እሷ ግን ለድግሱ ቤት ስታጸዳ ከቆሻሻ ጋር አውጥታዋለች። ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። እሷን መውቀስ አልችልም፣ አስቀምጪው አላልኳትም።

የፖስታ ቤቱም ደንብ እንደዚሁ ነው። ካርቶኑ፣ መጠቅለያውና የተረፈው ዕቃ ክሌሙ እስኪያልቅ መቀመጥ አለባቸው፤ ሲጠየቅም ተቀባዩ በአቅራቢያው ወዳለው ፖስታ ቤት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ደንበኛ «ጎድሏል» ሲለኝ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ይህንን እልካለሁ፦ «በጣም አዝናለሁ፣ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያው ካርቶኑን፣ ወረቀቱንና የቀሩትን ልብሶች እንዳሉ አስቀምጪልኝ፤ ምንም አትጣይ፣ መልሰሽም አትላኪልኝ።» መልሶ አለመላክ የሚለው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደንበኛዋ በጨዋነት የተረፈውን በዚያው ካርቶን አሽጋ ከመለሰችላችሁ ማስረጃው ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ ፎቶው ይከተላል። ስድስቱም ጎን፣ ሌብሉ፣ ቴፑ፣ የተቀደደው ቦታ ከቅርብ፣ ውስጡ። ካርቶኑ ፖስታ ቤቱ የይቅርታ ጽሑፍ ባለበት ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከመጣ ከረጢቱንም ፎቶ ታንሳ፣ እሱንም ታስቀምጥ። ጉዳቱ መንገድ ላይ መድረሱን ራሳቸው የመሰከሩበት ነው።

«ገዢዋ ራሷ ወስዳው ይሆናል፣ እኔስ ምን አውቃለሁ»

በጥርጣሬ የሚጀምር ሻጭ ደንበኛውንም ክሌሙንም ያጣል። ከጥርጣሬ የሚገላግለን ሚዛን ነው። ጥቅሉን የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ ከሄዳችሁ ሌብሉ ላይ ያለው ክብደት እናንተ የሞላችሁት ብቻ ነው። ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ አስመዝናችሁ ደረሰኝ ከተቀበላችሁ ግን የመዘኑት እነሱ ናቸው። ደረሰኙ 5 ፓውንድ ከ4 አውንስ ካለ፣ ደንበኛዋም ካርቶኑን እንዳለ ወስዳ እዚያው ፖስታ ቤት ስታስመዝነው 3 ፓውንድ ከ9 ከሆነ፣ ልዩነቱ የአንድ ቀሚስ ክብደት ነው። በወረፋ የምታጠፉት ሩብ ሰዓት ለዚህ ነው፣ ውድ ዕቃ ሲሆን አትስነፉ።

የተቆረጠ ካርቶን ስርቆት ሊሆን ስለሚችል ከክሌሙ ጎን ለጎን የፖስታ ወንጀልን ለሚመረምረው ለፖስታ ኢንስፔክሽን ሰርቪስ ማመልከት ይቻላል። የተጠረጠረው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ጉዳዩን የሚያየው የፖስታ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ነው።

«ከካርቶን ወድቆ የቀረ ዕቃ አይገኝም»

አንዳንዴ ይገኛል። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ የሚሰበሰበው አትላንታ በሚገኘው የፖስታ ቤቱ ማዕከል ነው። ድረ ገጻቸው ላይ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ፎርም አለ። እዚያ ላይ «ልብስ» ብሎ መሙላት ዋጋ የለውም። «ነጭ የሽመና ቀሚስ፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ ያለው፣ ከነነጠላው» በሉ፣ ፎቶም አያይዙ። እኔ እያንዳንዱን ቀሚስ በየራሱ ላስቲክ አድርጌ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ያለበት ቁራጭ ወረቀት እከትበታለሁ። ካርቶኑ ቢቀደድ እንኳ ልብሱ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

«የ500 ዶላር ኢንሹራንስ ከገዛሁ 500 ዶላር አገኛለሁ»

የሚከፈለው የጎደለው ዕቃ ትክክለኛ ዋጋ ነው፤ የገዛችሁት የኢንሹራንስ መጠን ጣሪያው ብቻ ነው። ግራውንድ አድቫንቴጅና ፕራዮሪቲ ሜይል የሚባሉት የፖስታ ቤቱ መላኪያዎች እስከ 100 ዶላር የሚደርስ ኢንሹራንስ በውስጣቸው ይዘዋል። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ከሆነ ትጨምራላችሁ።

እኛን የሚያስቸግረን የዋጋ ማስረጃ ነው። ከሽሮ ሜዳ በዘመድ እጅ ያስመጣነው ቀሚስ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የለውም። ግን ለደንበኛው የሸጣችሁበት ማስረጃ አላችሁ። የኢቤይ ወይም የኤትሲ የትእዛዝ ገጽ፣ ኢንቮይስ፣ ክፍያው የገባበት ወረቀት ይቀርባል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ኢንቮይሱ ላይ «የቤተሰብ ልብስ፣ 420 ዶላር» ብላችሁ በጅምላ አትጻፉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የእናት 200፣ የልጅ 110፣ የልጅ 110 ብላችሁ ለይታችሁ አስፍሩ።

«ዩፒኤስና ፌዴክስ ላይ የምሞላው ዋጋ ኢንሹራንስ ነው»

አይደለም። ሁለቱም «ዲክሌርድ ቫልዩ» (ላኪው ያስመዘገበው ዋጋ) የሚሉት የድርጅቱን የኃላፊነት ጣሪያ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ችግር ሲመጣ ነው፤ የነሱ ጥፋት መሆኑ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፣ አስተሻሸጋችሁ ይመረመራል። ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ኢንሹራንስ ከሆነም ክሌሙ የሚገባው እዚያው ኩባንያ ነው። የጊዜ ገደቡንና የማይሸፍነውን ነገር ከመላካችሁ በፊት አንብቡ።

«ኢንሹራንሱ እስኪከፍል ገዢው ይጠብቅ»

ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኢንሹራንሱ በእናንተና በአጓጓዡ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፣ ደንበኛው ከእናንተ ነው የገዛው። ኢቤይ ላይ ገዢው ጥያቄ ሲከፍት ሻጩ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ክሌም ደግሞ በዚያ ፍጥነት አያልቅም። የጎደለውን ቀሚስ ወይም ዋጋውን መጀመሪያ ስጡ፣ ከዚያ ክሌማችሁን ተከታተሉ። ፖስታ ቤቱ ላይ ላኪም ተቀባይም ማመልከት ይችላል፤ ግን ደረሰኙም ኢንቮይሱም እኛ ጋ ስለሆነ እኛ ብናስገባው ይሻላል። ገንዘቡ እንደገባለት ያወቀ ደንበኛ ደግሞ ካርቶኑን በደስታ ያስቀምጥላችኋል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ፖስታ ቤት ድረስ ይሄድላችኋል።

«አንዴ እምቢ ካሉ አበቃ»

አላበቃም። ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። እሱም ውድቅ ከሆነ ሌላ 30 ቀንና አንድ የመጨረሻ ይግባኝ አለ። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፣ መልሳችሁ ለዚያ ምክንያት ብቻ ይሁን። «የዋጋ ማስረጃ አልቀረበም» ካለ ስለተቆረጠው ካርቶን ሁለት ገጽ ከመጻፍ ተለይቶ የተጻፈውን ኢንቮይስና የክፍያውን ወረቀት ላኩ። ሁለተኛ ጊዜ ነጠላ ሲጎድልብኝ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ካርቶኑም ተቀምጦ ነበር፣ ደረሰኙም ክብደቱን ያሳያል፣ የቀረው ዋጋው ብቻ ነበር። ይግባኙን ባስገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ቼኩ መጣ።