በሌሊት የሚፈኩ የበረሃ አበቦችን ፎቶ ማንሳት

አንዳንድ የበረሃ ዕፅዋት አበባቸውን የሚከፍቱት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ጠዋት ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ይጠወልጋሉ። በጨለማ የሚበሩትን የእሳት ራቶችና የሌሊት ወፎች ስለሚጠሩ ብዙዎቹ ነጭ ወይም ፈዛዛ ናቸው፤ ሽታቸውም ይበረታል።

ለማግኘት ከሚያስቸግሩት አንዱ ፔኒዮሴሬየስ ግሬጊ የተባለው ቁልቋል ነው። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ሜክሲኮ፣ በሶኖራና በቺዋዋ በረሃዎች ይበቅላል። ዓመቱን ሙሉ ቁጥቋጦ ተጠግቶ፣ የደረቀ ጭራሮ መስሎ ስለሚኖር አጠገቡ ቆሞም ማለፍ ይቻላል። አበባው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይፈካል፤ አንዱ አበባ ከአንድ ሌሊት በላይ አይቆይም። ከራሱ ብናኝ ዘር ስለማይቋጥር በአንድ አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ በአንድ ሌሊት አብረው መፍካታቸው ይጠቅመዋል። አሪዞና ውስጥ ቱሰን የሚገኘው ቶሆኖ ቹል የዕፅዋት ሥፍራ ይህን ሌሊት ጠብቆ ለጎብኚ በሩን በመክፈት ይታወቃል። ለልምምድ የሚሻለው ግን የአስተናግር ዘመድ የሆነው ዳቱራ ራይቲ ነው፤ ለሳምንታት እየተፈራረቀ አዳዲስ አበባ ያወጣል። ሳጉዋሮ የተባለው ረጅም ቁልቋልም እስከ ማግስቱ ከሰዓት ስለሚቆይ ጊዜ ይሰጣል፤ አበባው ከፍታ ላይ ስለሆነ ግን ረጅም ሌንስ ይጠይቃል።

ሥራው የሚጀምረው በቀን ነው። እምቡጡን በየቀኑ አይቶ መወፈሩን መከታተል፣ ማዕዘኑን መምረጥ፣ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ደግሞ ሳይመሽ መትከል ያስፈልጋል። እምቡጡ ሲከፈት ስለሚሰፋና ስለሚንቀሳቀስ በዙሪያው ሰፊ ቦታ ይተዉለት። ጠበብ አድርጎ የጀመረ ሰው የአበባውን ጫፎች ተቆርጠው ያገኛቸዋል።

ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያለው ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ) ይበቃል። በጨለማ አውቶፎከስ ስለሚዋልል ፎከሱን በእጅ ማድረግ ይሻላል፦ አበባው ላይ ባትሪ አብርቶ፣ በስክሪኑ ላይ ምስሉን አጉልቶ፣ መሃል ያለውን የሴቴውን አካል ጫፍ ማጥራት ነው። ኤፍ/11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) እና አይኤስኦ 200 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ጥሩ መነሻ ናቸው። ቀዳዳውን ኤፍ/22 ላይ መዝጋት ጠርቶ የሚታየውን ጥልቀት ቢጨምርም ምስሉን ያለሰልሰዋል። ይልቅ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያዛወሩ ከ10 እስከ 20 ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ ይቻላል፤ አበባው ገና እየተከፈተ ወይም ነፋስ እያወዛወዘው ከሆነ ግን ጠርዞቹ ድርብ ሆነው ይወጣሉ።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው በንጣቱ ነው። አውቶማቲክ ልኬት ጥቁሩን ዳራ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ አበባው ያኔ ስስ ጅማቱ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ወረቀት ይነጣል። ስለዚህ ልኬቱን ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ይቀንሱ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፣ ሂስቶግራሙ ማለትም የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ በቀኝ ጫፍ እንዳይቆረጥ ይዩ፣ በሮው (ካሜራው ባልተቀናበረ ጥሬ ፋይል) ያስቀምጡ። ፍላሹም ከካሜራው ተነጥሎ፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ማለስለሻ ተደርጎበት፣ ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ ይሁን። ከኋላ የመጣ ብርሃን ስስ የሆነውን የአበባ ቅጠል አልፎ ሲወጣ ጅማቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ከፊት በቀጥታ የበራ ፍላሽ ይህን ውበት ይገድለዋል። የፍላሹ ኃይል ወደ 1/16 ወይም 1/32 ሲወርድ ብልጭታው ስለሚያጥር የእሳት ራቱን ክንፍ አየር ላይ ያስቆመዋል።

አፈካኩን በቪዲዮ ለማሳየት በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ማንሳት ነው። በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 480 ፎቶ ይገኛል፤ በሰከንድ 24 ፎቶ ሲሄድ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ይሆናል። ፎከስ፣ ተጋላጭነት (የሚገባው የብርሃን መጠን) እና የቀለም ሚዛን መቆለፍ አለባቸው፤ አለዚያ ቪዲዮው ይብለጨለጫል። የካሜራውም የፍላሹም ባትሪ መሃል ላይ እንዳያልቅ አስቀድሞ መሞከር ነው።

ሲጠብቁ ቀይ መብራት ብቻ ይጠቀሙ፤ ሳይጠፋ የሚቆይ ነጭ መብራት የእሳት ራቶቹን ከመንገዳቸው ያስታል። በሞቃት ሌሊት እባብና ጊንጥ ስለሚወጡ ቁጥቋጦ ሥር እጅ አይከተትም። ለፎቶው ብሎ የሚጋርደውን ቅርንጫፍ መስበርም ስህተት ነው፤ ተክሉን ከፀሐይ የሚከልለው እሱ ነው። ፎቶውን ከማጋራትዎ በፊት ደግሞ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበውን የቦታ መረጃ ይሰርዙ፤ የፔኒዮሴሬየስን ወፍራም ሥር ቆፍረው የሚወስዱ ሰዎች አሉ።