ኤሌክትሪክ ጊታር በቤት መሥራትና ቀለሙን ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድፍን አካል ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ከአኮስቲክ ጊታር ይልቅ በቤት ለመሥራት ይቀላል። አካሉ ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ አንገቱ ብዙ ጊዜ በአራት ቪቴ ይታሰራል፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉም ጥቂት ሽቦ ነው። ጀማሪዎች ግን ገንዘባቸውን ብዙም ለውጥ በማያመጣው ነገር ላይ ያፈሳሉ፤ ሥራውን የሚያበላሸውን ሁለት ሚሊ ሜትር ደግሞ በዓይን ግምት ያልፉታል።

«ድምፁን የሚወስነው የእንጨቱ ዓይነት ነው»

ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የሚያነበውም በላዩ የሚርገበገበውን የብረት ክር ነው። ጊታር ተጫዋቹ ሌስ ፖል በ1940 ገደማ የሠራውና «ሎግ» የተባለው ጊታር መሐሉ አራት በአራት ኢንች የሆነ የጥድ ቋሚ ነበር። በግራና በቀኝ የለጠፈበት የጊታር ክንፍ ለመልክ ያህል ነው። የፌንደር ጊታር ኩባንያ መሥራች ሊዮ ፌንደርም ቀደምት የሙከራ ጊታሮቹን ከጥድ ሠርቷል። እንጨት ምንም ለውጥ የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተራው ከፒክአፑ ዓይነት፣ ፒክአፑ ከክሩ ካለው ርቀትና ከክሮቹ ውፍረት በኋላ ነው።

ከእንጨቱ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ የወረደ፣ የማይጣመም፣ ቪቴ የሚይዝና ትከሻ የማያደክም ይሁን። በደንብ ያልደረቀ እንጨት ቀለም ከተቀባ በኋላ ይሸማቀቃል፤ መገጣጠሚያው በቀለሙ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ለአካሉ 44 ወይም 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ጥድ ከተመረጠ ጉጡ ሙጫ ስለሚያወጣ ከቀለም በፊት ሼላክ በተባለው ቫርኒሽ ይሸፈን፤ አለዚያ ቆይቶ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል።

«ብሪጁ በስኬሉ ርዝመት ልክ ከተቀመጠ ቅኝቱ ይስተካከላል»

በቤት የተሠሩ ጊታሮችን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ይህ ነው። ብሪጅ ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚያርፉበት ክፍል፣ ስኬል ደግሞ የሚርገበገበው የክር ርዝመት ነው። የፌንደር ስኬል 648 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው ጊታር አምራች የጊብሰን ደግሞ 628 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ነገር ግን ክር ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካ የብረት ዘንግ) ላይ ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ይህን ለማካካስ እያንዳንዱ ክር ከስኬሉ ትንሽ መርዘም አለበት። ቀጭኑ የኢ ክር አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ ወፍራሙ እስከ አምስት ሊፈልግ ይችላል።

ስለዚህ የቀጭኑ ኢ ሳድል (ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ሊሄድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ያለበት ቦታ በትክክል 648 ላይ እንዲውል ተደርጎ ብሪጁ ይቀመጣል። ቀሪው መንገድ ወደ ኋላ ለመሳብ ይተርፋል። ብሪጁ መሐል ለመሐል ከተለካ ግን ወፍራሙ ክር መሄጃ ያጣል፤ መፍትሔው ቀዳዳውን ደፍኖ እንደ አዲስ መብሳት ብቻ ነው።

ልኬቱ የሚጀምረው ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ከሚያርፉበት ጥርስ የፊት ጠርዝ ነው። እስከ 12ኛው ፍሬት 324 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስኬሉ 648 ነው። ከመብሳት በፊት አንገቱን በቪቴ አስሮ፣ ከጥርሱ ሁለት ዳርቻዎች እስከ ሁለቱ ዳር ሳድሎች ክር መወጠር ያስፈልጋል። በመጨረሻው ፍሬት ላይ ከሁለቱም ጠርዝ ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ ብሪጁ ወደ ጎን ይነሳ። በአካሉ መሐል ላይ የተሰመረውን መስመር ማመን አይገባም፤ አንገቱ በሚገባበት የአካሉ ጎድጓዳ (ኪስ) ውስጥ በግማሽ ዲግሪ ቢያዘነብል መስመሩ ዋጋ የለውም።

ከፍታውም እንዲሁ። የፌንደር ዓይነት አንገት የእግሩ ውፍረት 25.4 ሚሊ ሜትር፣ የኪሱ ጥልቀት ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጠፍጣፋ ብሪጅ ይህ ይስማማል። በጊብሰን ጊታሮች የተለመደው ቱን ኦ ማቲክ ብሪጅ ግን ከፍ ስለሚል አንገቱ ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ወይም ብሪጁ እንጨቱ ውስጥ እንዲሰምጥ ይጠይቃል። እንዲሁ ከተገጠመ እስከ ታች ቢወርድም ክሮቹ ከፍሬቶቹ ርቀው ይቀራሉ።

«ትረስ ሮድ የክሮቹን ከፍታ ማስተካከያ ነው»

አይደለም፤ ትረስ ሮድ በአንገቱ ውስጥ ያለ የብረት ዘንግ ሲሆን የአንገቱን ጉብጠት ብቻ ይቆጣጠራል። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ በሰባተኛው አካባቢ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ይተው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ እንደገና መለካት ነው። የክር ከፍታ የሳድሎቹና የጥርሱ ሥራ ነው።

«የድሮው ቀለም እስከ እንጨቱ ካልተነሳ አዲሱ አይይዝም»

የፋብሪካ ፖሊስተር ወይም ፖሊዩረቴን ካልተላጠና ካልተሰነጠቀ ከእሱ የተሻለ መሠረት አይገኝም። በ320 ወይም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማደብዘዝና ማጽዳት ይበቃል። ዋናው ጠላት ሲሊኮን ያለበት የጊታር ማጽጃ ነው፤ ቅሪቱ ካለ አዲሱ ቀለም ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ስለዚህ ማጽዳቱ ከማደብዘዙ በፊት ይሁን፤ ካልሆነ ወረቀቱ ሲሊኮኑን ጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል።

ቀለሙን ማንሳት የሚያስፈልገው የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ሲፈለግ ነው። ኬሚካል ማስለቀቂያ በፖሊስተር ላይ ብዙም አይሠራም፤ የሙቀት ጠመንጃና መፋቂያ ይሻላል። አንድ ቦታ ላይ ማቆየት እንጨቱን ያሳርራል፣ የተጣበቁትንም ያላቅቃል። የፕላስቲክ ጠርዝ ያለበት ጊታር ላይ ደግሞ ባይሞከር ይመረጣል። ከድፍን ቀለም ሥር ብዙ ቁርጥራጭ እንጨትና ስቱኮ ሊገኝ እንደሚችልም ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

«ወፈር አድርጎ መቀባት ጊዜ ይቆጥባል»

ወፍራም ቀለም ይወርዳል፤ ባይወርድ እንኳ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ከሥሩ ቲነር ያፍናል፤ ለሳምንታት በጥፍር ሲጫኑት ይጎደጉዳል። አሽና ማሆጋኒ ክፍት ቀዳዳ ስላላቸው በመሙያ ይታሹ፤ አልደር፣ ሜፕልና ባስውድ አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ሲለር (እንጨቱን የሚዘጋ የመጀመሪያ ቅብ)፣ ሦስት ወይም አራት ስስ የቀለም ዙር፣ በላዩ ከስምንት እስከ አሥር ስስ የላከር (ግልጽ ሽፋን) ዙር። ጣሳው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ መርጨቱ ከአካሉ ውጭ ተጀምሮ ከአካሉ ውጭ ይለቅ፤ ጠርዞች ይቅደሙ። በቀን ሦስት ዙር ይበቃል፤ በመካከሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ።

እርጥበት በበዛበት ቀን መርጨት ነጭ ጉም ያመጣል። ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ የአየሩ ውሃ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ቀጣዩ ዙር በደረቅ ቀን በስሱ ከተረጨ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

«በእጅ ሲነካ ካልያዘ ደርቋል»

ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚደርቀው ቲነሩ በመውጣቱ ብቻ ነው፤ ሲወጣም ይሸማቀቃል። በሳምንቱ ከተሞረደ በወሩ የእንጨቱ ጭረት እንደገና ይታያል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይጠበቅ፤ ቀረብ ብለው ሲያሸቱት የቲነር ሽታ ካለ ገና ነው። ከዚያ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 ቁጥር በጎማ ብሎክ፣ ውሃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይዞ መሄድ ነው፤ በመጨረሻ ማንጸባረቂያ። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ብሎክ አይንካው።

የቪቴ ቀዳዳዎችን ግን ውሃ አይንካ። ያልተቀባው እንጨት ያብጥና በዙሪያው ያለውን ቀለም ይሰነጥቃል። ቀዳዳዎቹን በሻማ ሰም ደፍኖ መሥራት ቀላል ነው። የተጠናቀቀውንም ጊታር ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ ማስቀመጥ አይበጅም፤ ናይትሮ ከአንዳንድ ጎማ ጋር ሲነካካ ይቀልጣል።

«ማስክ ካለ ችግር የለም»

የአቧራ ማስክ የቲነርን ትነት አያቆምም፤ ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ ካርትሪጅ ያስፈልጋል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ፖሊዩረቴን አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ስላለው ሳንባን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል፤ በቤት ባይረጭ ይሻላል። ትነቱ ስለሚቀጣጠል በአካባቢው እሳት አይኑር። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅም ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ግሎ ይነዳል፤ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

«የመዳብ ፎይል ከተለጠፈ ጩኸቱ ይጠፋል»

በኤሌክትሪክ ክፍሉ ጎድጓዳ ውስጥ የሚለጠፈው ፎይል የሚያግደው የኤሌክትሪክ መስክን ነው። ከትራንስፎርመር የሚመጣው የ50 ወይም የ60 ኸርዝ ማግኔታዊ ጉርምርምታ በሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ውስጥ ይቀጥላል። እሱን የሚሰርዘው ሃምበከር የተባለው ፒክአፕ ያለው ሁለት ተቃራኒ ጥቅል ነው። ፎይሉ ሁሉ እርስ በርሱና ከግራውንድ ጋር መገናኘቱ በመልቲሜትር ይታይ። ከተለጠፈ በኋላ ድምፅ ጭራሽ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ገመዱ የሚሰካበት የጃኩ ጫፍ ፎይሉን ነክቷል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ የማገጃ ቴፕ ይለጠፍ።

ፖቱን (የድምፅ መቆጣጠሪያውን) በተመለከተ ለሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 የተለመደ ነው። በጀርባው ላይ ለመበየድ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርጎ፣ 40 ዋት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ካውያ በፍጥነት መጨረስ ነው። ደካማ ካውያ ብዙ ስለሚቆይ ፖቱን ያቃጥላል።

«ሜፕል ጠንካራ ስለሆነ ቪቴ በቀጥታ ይገባል»

አንገቱ በተሠራበት ሜፕል ውስጥ በቀጥታ የገባ ቪቴ ጭንቅላቱ ሊበጠስ ይችላል። አስቀድሞ ከቪቴው ጥርስ ውስጠኛ ውፍረት ጋር እኩል ቀዳዳ ይበሳ፣ ጥርሱም ሳሙና ወይም ሰም ይቀባ። በአካሉ በኩል ያለው ቀዳዳ ግን ቪቴው ሳይነክስ የሚያልፍበት ይሁን፤ ሁለቱንም ከነከሰ ምንም ቢጠብቅ አንገቱና ኪሱ መሐል ክፍተት ይቀራል። የተበጠሰው ቪቴ በዙሪያው በባዶ ቱቦ መሰርሰሪያ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቀዳዳው በእንጨት ምስማርና በኮላ ተደፍኖ ኮላው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት አድሮ ይበሳል።