የኢምፕላንት «ጫና» ምንድን ነው?

«ዶክተር፣ ዚርኮኒያ እንዳያደርጉልኝ፤ ጠንካራ ስለሆነ አጥንት ላይ ጫና ያበዛል አሉ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት ታካሚዎች ሰማኋት። ዚርኮኒያ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ጠንካራ ሴራሚክ ነው። ምንጫቸው አንድ ነው፤ ስለ ጥርስ በልበ ሙሉነት የሚያስተምሩ አንድ ሰው። እርሳቸው እንደሚሉት፣ በኢምፕላንት (በጠፋ ጥርስ ፈንታ አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ላይ የሚታሰር ለስላሳ ክራውን፣ ማለትም ከድድ በላይ የሚታየው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ንክሻን እንደ ትራስ ተቀብሎ አጥንቱን ያሳርፈዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሰውየው ግን «ጫና» የሚሉት ምን እንደሆነ አልለዩም።

በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየጠራን ነው። አንዱ ኃይል ነው፤ የመንጋጋ ጡንቻ የሚያመነጨው፣ በኋላ ጥርሶች በጉልበት ሲነከስ በመቶዎች የሚቆጠር ኒውተን የሚደርሰው። ሌላው መሐንዲሶች ውጥረት የሚሉት ነው፤ ያው ኃይል በየትኛው ቦታ፣ በስንት ስፋት ላይ፣ በምን አቅጣጫ እንዳረፈ የሚነግረን። በክራውን ቅርጽ የሚለዋወጠው በዋናነት ይህ ሁለተኛው ነው።

መሶብ አስቡ። እግሩ ጠባብ፣ ገበታው ሰፊ። እንጀራው መሀል ላይ እስካለ ድረስ ንቅንቅ አይልም። አንዱ እንግዳ ክርኑን ጠርዙ ላይ ሲያስደግፍ ግን ይንጋደዳል። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋም ሆነ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ መንጋደዱ አይቀርም። አሁን ደግሞ የመሶቡን እግር ወለሉ ውስጥ ቅበሩትና ጠርዙን ተጫኑት። አይወድቅም፤ ታዲያ የትኛው አፈር ይጨነቃል? ከታች ያለው ሳይሆን አፋፉ፣ እግሩ ከወለሉ ብቅ በሚልበት ዙሪያ ያለው። በመንጋጋም ውጥረቱ የሚከማቸው በአብዛኛው እዚያ ነው፤ በኢምፕላንቱ አንገት ዙሪያ ባለው ጠንካራ የአጥንት ቅርፊት ላይ።

አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኢምፕላንት ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን የመንጋጋ ጥርስ እንዲሸከም ስናደርግ መሶብ ሠራን ማለት ነው። ስለዚህ የማኘኪያውን ገጽ ማጥበብ፣ ንክሻውንም ወደ መሀል ማምጣት ይረዳል። በማኘኪያው ገጽ ላይ ያሉት ጉብታዎች ተዳፋትም አለ። አንዲት የቆሎ ፍሬ ቁልቁለቱ በበዛ ተዳፋት ላይ ስታርፍ ቁልቁል የመጣው ኃይል ከፊሉ ወደ ጎን ይዞራል፤ ኢምፕላንት ደግሞ የጎን ኃይል አይወድም። ቁመትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ በዘንጉ ላይ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ኃይል የክራውን መርዘም ለውጥ አያመጣም። ለጎን ኃይል ግን ክራውኑ በረዘመ ቁጥር እንደ መፈንቅል ይሠራል።

ወደ ትራሱ ልመለስ። እኚህ ሰው ሐሳቡን ከባዶ አልፈጠሩትም። የባዮሜካኒክስ ተመራማሪው ሪቻርድ ስካላክ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከአክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) የተሠራ ጥርስ ድንገተኛ ምትን ሊያበርድ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ቁልፉ ቃል «ድንገተኛ ምት» ነው። ማኘክ በአብዛኛው የመዶሻ ምት ሳይሆን ገፋ አድርጎ መጫን ነው። ቀስ ብሎ የሚጫን ኃይል ደግሞ በክራውኑ ገብቶ የትም አይጠፋም፤ ሄዶ ሄዶ አጥንቱን ያገኘዋል። ኋላ በኮምፒውተር የተሠሩ ብዙ ስሌቶችም የክራውኑ ቁስ በአጥንቱ ውጥረት ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል። ለስላሳው ክራውን ግን ቶሎ ያልቃል።

እውነተኛው ትራስ በተፈጥሮ ጥርስ ሥር ነበር፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጅማት። ጥርሱ በእርሱ ላይ በአሥሮች ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ይሰምጣል፤ ኢምፕላንት ግን ከአጥንት ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ቢሰምጥ ነው። ለዚህ ነው ክራውን ካሰርን በኋላ 8 ማይክሮን ውፍረት ባለው ቀጭን ወረቀት የምንፈትሸው። ታካሚው ቀለል አድርጎ ሲነክስ ወረቀቱ ሊንሸራተት፣ ጠበቅ ሲያደርግ ግን ጎረቤት ጥርሶች ስለሚሰምጡ ሊያዝ ይገባል። ከሁለት ታካሚ አንዱ በዚህ ሰዓት «ለወረቀት ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ይለኛል።

እዚህ ላይ የእኛን የሐኪሞቹንም ሰፈር ልንካ። ውጥረት የበዛበትን ቦታ በቀይ፣ ያነሰበትን በሰማያዊ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሥዕል አይታችሁ «ቀይ የሆነው አጥንት ሊጠፋ ነው» እንዳትሉ። ብዙዎቹ ስሌቶች አጥንትን አንድ ወጥ አካል፣ ከኢምፕላንቱም ጋር ያለ ክፍተት የተጣበቀ አድርገው ይወስዱታል። ንድፎችን ለማወዳደር ይጠቅማሉ እንጂ ትንቢት አይደሉም። ታካሚዎችን ተከታትለው በተሠሩ ጥናቶችም ረጅም ክራውን አጥንት እንደሚያሳጣ በግልጽ አልታየም። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሸነፉት ክራውኑን ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያስረውና የሚላላው ብሎን፣ እንዲሁም የሚፈረፈረው ሴራሚክ ናቸው። በኢምፕላንት ዙሪያ ለሚጠፋ አጥንት ከንክሻ በፊት የሚጠረጠረው ባክቴሪያ ነው። እዚያም ክራውኑ እጁ አለበት፤ ከድድ በላይ ድንገት ያበጠና ብሩሽ የማያስገባ ክራውን፣ ወይም ክራውኑ ሲጣበቅ ከድድ ሥር ተረስቶ የቀረ ሲሚንቶ።

ዚርኮኒያ ከፈሩት ታካሚዎች አንዱ ዚርኮኒያውን አሠሩ፤ ጠበብ ያለ፣ ጉብታው ዝቅ ያለ። ጥርሱን የሠራው ቴክኒሻን ግን እስከ ዛሬ ይቀየመኛል። እርሱ ጉብታዎቹን ከመጽሐፍ እንደወጡ አስመስሎ ይቀርጻል፤ ዝቅ አድርግልኝ ብዬ ስመልስበት «ዶክተር፣ ያምር የነበረውን ጥርስ አበላሹት» ይለኛል።