የስኮትላንድ የመጠጥ ዋጋ ወለል፦ ግብር አይደለም

ስኮትላንድ ውስጥ አልኮል ከተወሰነ ዋጋ በታች መሸጥ ክልክል ነው። ብዙ ሰው ይህን ከግብር ጋር ያምታታዋል። ጭማሪው ግን በቀጥታ መንግሥት ካዝና አይገባም፤ ሻጩ ጋር ይቀራል። እኔን ከሕጉ ሁሉ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አንድ ዩኒት ይባላል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጀመር የዩኒቱ ወለል 50 ፔንስ ነበር፤ በ2024 ወደ 65 ከፍ ብሏል። 40 በመቶ አልኮል ያለው የ70 ሳንቲ ሊትር ውስኪ 28 ዩኒት ነው። ስለዚህ ከ18 ፓውንድ ከ20 ፔንስ በታች አይሸጥም።

ውድ ውስኪ የሚገዛ ሰው ምንም አይታወቀውም። መጠጥ ቤት የሚጠጣም እንደዚያው፤ እዚያ ዋጋው ድሮም ከወለሉ በላይ ነው። ዱላው ያረፈው ርካሽና ጠንካራ መጠጥ ላይ ነው። 7.5 በመቶ የሆነ 3 ሊትር ሲደር (ከፖም የሚጠመቅ ነው) አሁን 14 ፓውንድ ከ63 ፔንስ ይገባል። ሲደር ገዢው ወይ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይ ወደ ቀለል ያለ ቢራ ይዞራል። ሱስ የያዘው ግን ከአስቤዛው ላይ ቆርሶ ሊገዛ ይችላል። ድንበሩ አጠገብ ያለ ደግሞ መኪናውን አስነስቶ እንግሊዝ ይሻገራል፤ እዚያ ይህ ሕግ የለም።