ላ ኮሊፋታ፦ ከአእምሮ ሆስፒታል ግቢ የሚሰራጨው ሬዲዮ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቦነስ አይረስ ውስጥ፣ ባራካስ በሚባለው ሰፈር፣ ቦርዳ የሚሉት ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ግቢው ውስጥ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማቴ የሚሉት እንደ ሻይ ያለ መጠጣቸውም በአንድ ቅልና በአንድ መምጠጫ አብሮ ይዞራል። ማይኩ የደረሰው ሰው ተራው የሱ ነው። አንዱ ግጥም ያነባል። ሌላው ኳስ ይተነትናል። ሌላው መንግሥትን ይወርፋል። አንዳንዱ ወሬውን ከየት እንዳነሳውና የት ሊያደርሰው እንደሆነ መከተል ያስቸግራል። ቢሆንም ተራው ነው፤ ይደመጣል።

ይሄ ላ ኮሊፋታ ነው፤ ታካሚዎችና የቀድሞ ታካሚዎች የሚሠሩት ሬዲዮ። የተጀመረው በ1991 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ በመሰራጨት በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ በብዛት ይነገርለታል።

ስሙ ራሱ ወሬ አለው። "ኮሊፋቶ" የሉንፋርዶ ቃል ነው። ሉንፋርዶ ማለት የቦነስ አይረስ የአራዳ ቋንቋ በሉት። ቃሉ እብድ ማለት ነው፤ ግን ክፋት የለበትም። እኛ "ወፈፌ" ወይም "ትንሽ ነካ ያደርገዋል" ስንል ፊታችን ላይ ፈገግታ እንደሚኖረው ማለት ነው። "ጨርቁን ጣለ" ከሚለው ጋር በጭራሽ አይገናኝም። ታካሚዎቹ ይህን ቃል አንስተው የራሳቸው ስም አደረጉት። እኔ በግሌ ብልህ ምርጫ ይመስለኛል። ሰው ከኋላቸው የሚያንሾካሹክባቸውን ነገር እነሱ ቀድመው በማይክ ተናገሩታ! ከዚያ በኋላ ምን ብለህ ታማቸዋለህ?

ሆስፒታሉ የቆየ ነው። የወንዶች የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሆኖ የተከፈተው በ1863 ነው። ስሙ በየጊዜው ተቀያይሮ አሁን በሐኪሙ በሆሴ ቦርዳ ስም ይጠራል። አጠገቡ ሞያኖ የሚባለው የሴቶቹ ሆስፒታል አለ። ገጣሚው ሐኮቦ ፊክማን ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ ተኝቶ በ1970 እዚሁ ሞቷል። እንግዲህ ከግቢው ግጥም መሰማቱ ሬዲዮው ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። አዲሱ ነገር ግጥሙ ከአጥር ውጪ መሰማቱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንዱ ሌላውን "አማኑኤል መግባት አለብህ" ቢለው ቤተ ክርስቲያኑን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቦነስ አይረስ ላይም "ቦርዳ" እንደዚያው ነው። የሆስፒታል ስም መሆኑ ቀርቶ መቀለጃና ማስፈራሪያ ሆኗል። ስሙን የማያውቅ የለም። ውስጥ ያለውን ሰው ግን ስንቱ ያውቀዋል?

የሬዲዮው አጀማመር ቀላል ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው። አልፍሬዶ ኦሊቬራ ያኔ ሳይኮሎጂ ይማር ነበር። ከታካሚዎች ጋር ግቢው ውስጥ እየተቀመጠ በካሴት ቴፕ ወሬያቸውን ይቀዳል። ከዚያ ከተቀዳው ላይ ጥቂት ደቂቃ የምትሆን ቁራጭ ያወጣና በአንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ እንድትተላለፍ ያደርጋል። ማሰራጫ የላቸውም። ስቱዲዮ የላቸውም። ያላቸው ቴፕና ባዶ ካሴት ነው።

እዚህ ላይ ቢቆም አንድ ጥሩ ፕሮግራም ሆኖ ያልፍ ነበር። ግን አድማጮች ስልክ መደወል ጀመሩ። ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሰላምታ ይልካሉ። ኦሊቬራ ደግሞ ያንን በካሴት ይቀዳና ተመልሶ ሆስፒታል ይዞት ይሄዳል። ታካሚዎቹ ተሰብስበው ያዳምጡታል፤ መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱ ይቀዳል፤ እንደገና በሬዲዮ ይወጣል። እንግዲህ አስቡት። ለዓመታት ጠያቂ ያልመጣለት ሰው፣ የማያውቃት ሴትዮ ከከተማው ማዶ ሆና እሱ ስለተናገረው ነገር ስትጠይቅ ይሰማል። መልሱን ተናግሮ እሷ ጋ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። እንደ ደብዳቤ ነው፤ ፖስተኛው ካሴት ብቻ ነው።

ቁራጮቹ ኋላ ላይ ወደ ትልልቅ ጣቢያዎችም ተሻገሩ። በአርጀንቲና ሬዲዮ ስመ ጥር የሆነው ላሎ ሚር በራሱ ፕሮግራም ላይ ካስደመጧቸው አንዱ ነው። ቆይቶ የራሳቸው ማሰራጫ መጣ፣ በኤፍኤም ቀጥታ ስርጭት ጀመሩ፤ ቅዳሜም የሬዲዮ ቀን ሆነ። ዝናው ባሕር ሲሻገር ሙዚቀኛው ማኑ ቻው እየመጣ አብሯቸው ዘፈነ፣ ቀዳ። በ2008 ስፔን ውስጥ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ወጥተዋል። ይሄ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ቅር ይለኛል። ሰው ማስታወቂያ ሲያይ የሚያስታውሰው መጠጡን ነው።

ታዲያ ሬዲዮ መገለልን እንዴት ይቀንሳል? "የአእምሮ ሕመም እንደማንኛውም ሕመም ነው" የሚል ፖስተር ሁላችንም አይተናል። አንብበነው እንሄዳለን፤ መንገድ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ስናይ ግን መንገድ እንሻገራለን። ታዋቂው የሕክምና መጽሔት ላንሴት መገለልን የሚመለከት ኮሚሽን አቋቁሞ በ2022 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ብዙ ጥናቶችን አገላብጦ የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ መገለልን ለመቀነስ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ሕመሙን በራሱ ላይ ካየው ሰው ጋር መገናኘት ነው። መገናኘቱ በአካልም ሊሆን ይችላል፣ በሌላ መንገድም። ሪፖርቱ ሲወጣ ላ ኮሊፋታ 30 ዓመት አልፎታል።

ሬዲዮ ደግሞ ለዚህ የሚሆን አንድ ጸባይ አለው፤ ፊት አያሳይም። መድኃኒት ያንቀጠቀጠው እጅ አይታይም። የሆስፒታል ልብስ፣ የወለቀ ጥርስ አይታይም። የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው። አድማጩ ወጥ እየሠራ ወይም ታክሲ እየነዳ ይሰማል፤ ይስቃል፤ "ይሄስ እውነቱን ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው የት ሆኖ እንደሚያወራ የሚያስታውሰው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ማለት ነው። በቴሌቪዥን ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው አጥሩ ነበር።

ችግርም አለው። ጥቂት ደቂቃ ለማውጣት ብዙ መቁረጥ ያስፈልጋል። የሚቆርጠው ማን ነው? ሕመሙ በበረታበት ቀን ሰው የተናገረውን አየር ላይ ማዋል ማስደመጥ ነው ወይስ ማሳቂያ ማድረግ? አድማጩ የሳቀው አብሮ ነው ወይስ በሱ ላይ? ይህን ጥያቄ አንዴ መልሶ መዝጋት አይቻልም፤ በየቅዳሜው አዲስ ነው። ክብ ሠርተው መቀመጣቸውና ቀጥታ መተላለፉ ትንሽ ያግዛል። ቢያንስ ተናጋሪው ስለ እሱ የሚባለውን እዚያው ሰምቶ መመለስ ይችላል።

ሬዲዮው የሆስፒታሉን በር አልከፈተም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። አርጀንቲና በ2010 አዲስ የአእምሮ ጤና ሕግ አወጣች፤ ቁጥሩ 26,657 ነው። ሕጉ ተጨማሪ የአእምሮ ሆስፒታል እንዳይከፈት ከልክሏል። መተኛት የግድ ሲሆንም በጠቅላላ ሆስፒታል እንዲሆን አዟል። ነባሮቹ እስከ 2020 በሌላ አገልግሎት ይተካሉ ተብሎም ነበር። 2020 መጣና ሄደ። ቦርዳ አሁንም አለ። በ2019 የወጣ አገር አቀፍ ቆጠራ በአእምሮ ተቋማት ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎች ተኝተው አግኝቷል። በአማካይ የቆዩት ከ8 ዓመት በላይ ነው። ከሦስት አንዱ እጅ በላይ የሚሆኑት እዚያ ያሉት ሕክምናው አስገድዷቸው ሳይሆን መሄጃ ቤት ስለሌላቸው ነው። ሬዲዮ ወዳጅ ያመጣል እንጂ ኪራይ አይከፍልም።

በሚያዝያ 2013 ደግሞ የከተማው ፖሊስ የሆስፒታሉን አንድ የሥራ ማዕከል ለማስፈረስ ግቢው ገባ። የጎማ ጥይት ተተኮሰ፤ ታካሚዎች፣ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ተጎዱ። ጉዳዩ አገር ያነጋገረ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ከዚያ ግቢ ድምፅ ሲሰማ ለኖረ ከተማ፣ የተመቱት ሰዎች ስም የለሽ "እብዶች" አልነበሩም።

ላ ኮሊፋታ ልጆች አሉት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከላ ፕላታ ወንዝ ማዶ፣ ኡራጓይ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ፣ በ1997 ከቪላርዴቦ ሆስፒታል ሬዲዮ ቪላርዴቮስ ተነሳ። "ቮስ" በስፓኒሽ ድምፅ ነው፤ የሆስፒታሉን ስም ጫፍ ቀይረው ድምፅ ጨመሩበት። በባርሴሎና ሬዲዮ ኒኮሲያ በ2003 ተጀመረ። እነዚህኞቹ ከሆስፒታል ግቢ አይደሉም፤ የሚያሰራጩት ኮንትራባንዳ በሚባለው የከተማው ነጻ ሬዲዮ በኩል ነው። ስሙን የወሰዱት ለሁለት ከተከፈለችው የቆጵሮስ ዋና ከተማ ነው። ጣሊያን ውስጥ ማንቶቫ ላይ ደግሞ ሬቴ 180 አለ። 180 የሕግ ቁጥር ነው፤ በ1978 ጣሊያን የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ለመዝጋት ያወጣችው። መፈክራቸው "ድምፆች የሚሰሙ ሰዎች ድምፅ" የሚል ነው፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ማለታቸው ነው። ኮሊፋታዎቹ ቢሰሙት የሚስቁ ይመስለኛል።

ቦርዳ ላይ ቅዳሜ ማይክ የሚይዙት አሁን ተኝተው ያሉት ብቻ አይደሉም። ከሆስፒታሉ ከወጡ ዓመታት ያለፋቸው አሉ። ከቤታቸው አውቶቡስ ይዘው፣ ያኔ ለመውጣት ይናፍቁት በነበረው በር ተመልሰው ይገባሉ። ወንበር ይስባሉ፣ ማቴው እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ። ተራቸው ደርሶ ያወራሉ፣ ሲመሽ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።